መብትን በቅርብ ደጅ መጠየቅ

በኮምቦልቻ ከተማ ለተሰበሰበ ጉባኤ የተነገረ ዲስኩር

ክቡራንና ክቡራት፣ የኮምቦልቻና የደሴ ነዋሪዎች፤ አባቶችና እናቶች፣ ሼሆችና ካህናት፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥታችሁ ገና ሳታርፉ ወደዚህ አዳራሽ የመጣችሁ እኅቶችና ወንድሞች ሆይ፤

የከተማችን ወጣት የሕግ ባለሙያዎች ስለ ዜጎች መብትና ነፃነት እንድናገር ሲጋብዙኝ ጥሪውን በደስታ ተቀበልሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የሚነገረው አብዛኛው ቃል ወይ ስለ ጄኔቭና ስለ ኒውዮርክ ጉባኤ፣ ወይ ስለ አዲስ አበባ ምክር ቤት ሆኖ፣ ከሐረጎ ዳገት በላይና በታች የሚኖረው ሕዝብ መብቱ ዛሬ ማታ ቢነካበት ነገ ጧት ወዴት እንደሚሄድ የሚያመለክተው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ አርእስቴ የዜጎችን መብትና ነፃነት በክልል ደረጃ ስለ መጠበቅ ይሆናል። ነገሬንም በአራት ከፍዬ አቀርባለሁ፤ በመጀመሪያ መብት የሚጠበቅበትና የሚጣስበት ስፍራ የት እንደ ሆነ፣ በሁለተኛ የወሎ ታሪክ ስለዚህ ነገር ምን እንደሚያስተምረን፣ በሦስተኛ በክልላችን ያሉት የአቤቱታ ደጆች የትኞቹ እንደ ሆኑ፣ በአራተኛና በመጨረሻ ወደ እነዚያ ደጆች በምን ሥርዓት መቅረብ እንደሚገባ እናገራለሁ። ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ፤ ይኸውም የሰው መብት የሚጠበቀውም የሚጣሰውም በቅርብ ነውና፣ ጠበቃውም በቅርብ ደጅ መቆም አለበት የሚል ነው።

በመጀመሪያ፣ መብት የሚኖርበትን ስፍራ እንመልከት። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ ሲውል፣ በሦስተኛው ምዕራፉ የአካልን ደኅንነት፣ የተያዙና የተከሰሱ ሰዎችን መብት፣ እኩልነትን፣ የሃይማኖትን፣ ሐሳብን የመግለጽን፣ የመሰብሰብንና የመደራጀትን ነፃነት በየአንቀጹ ደንግጓል። ብዙ አንባቢ ሳያስተውለው የሚያልፈው ግን በዚያው ምዕራፍ መግቢያ የተቀመጠው አንቀጽ 13 ነው፤ በፌዴራልም ሆነ በክልል፣ ከላይ እስከ ታች በየደረጃው ያለ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና ዳኛ ሁሉ እነዚህን መብቶች የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት ተጭኖበታልና። አንቀጽ 52 ደግሞ የክልሉን ፖሊስ የሚያደራጀውና የሚመራው፣ የክልሉንም ጸጥታ የሚጠብቀው ክልሉ ራሱ መሆኑን ይናገራል። የአማራ ክልልም በበኩሉ በዐዋጅ ቁጥር 59/1994 ተሻሽሎ የጸደቀ የራሱ ሕገ መንግሥት ያለው ሲሆን፣ እነዚሁ መብቶች በእርሱም ውስጥ ዳግመኛ ተጽፈዋል።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በዕለት ኑሯችን እንየው። ሰውን በሌሊት ከቤቱ የሚወስደው ፖሊስ በአብዛኛው የክልል ፖሊስ ነው፤ መጀመሪያ የሚያየው ዳኛ የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ነው፤ ቢፈረድበት የሚገባበት ማረሚያ ቤት የክልሉ ነው፤ ሰላማዊ ሰልፍ ለማድረግ የሚያስበው ወገን የሚያሳውቀው ለከተማው አስተዳደር ነው፤ መታወቂያ የሚሰጠው ወይም የሚከለክለውም የቀበሌው ሹም ነው። እንግዲህ ሕገ መንግሥቱ ከፍ ካለው ስፍራ ተጽፎ ሳለ፣ የሚፈጸመው ግን ዕለት ዕለት በምናልፍባቸው በሮች ውስጥ ነው ማለት ነው።

አንድ ወጣት ማክሰኞ ማታ ተይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ቢወሰድ፣ ረቡዕ ሲነጋጋ ከጣቢያው በር የምትገኘው እናቱ ናት። በአንድ እጇ በፎጣ የተቋጠረ የምግብ ሣህን፣ በሌላው የውኃ ጠርሙስ ይዛ ትቆማለች፤ ዘበኛው ስሙን ይጠይቃታል፣ ሣህኑን ከፍቶ ያያል፣ ተቀብሎም ይገባል። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ቃል ሳይነግራት ብዙ ሰዓት ትጠብቃለች፤ ሣህኑ ባዶውን ከተመለሰላት ልጇ በዚያ ለመኖሩ ያላት ማስረጃ እርሱ ብቻ ነው። ይህችን እናት ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም እርሷን ሆናችሁ ቆማችኋል። ይህች እናት ሳትማርና ሳትሾም የመብት ጠበቃ ሆና የቆመች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። የሚጎድላት ሕጉ የሰጣትን ማወቅ ብቻ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ልጇ የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ሊነገረው፣ ለመንገድ የሚፈጀው ተገቢ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥም ወደ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይገባል።

ይህም የ48 ሰዓት ወሰን የትናንት ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሕገ መንግሥት ይዞት ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 29 አጽንቶታል። መንግሥታት ሲፈራረቁ ድንጋጌው በወረቀት ላይ ሳይሻር ኖሮ፣ ብዙ ሰው ግን ከ48 ሰዓት አልፎ ወራትን በእስር ቆጥሯል። ከዚህ የምንረዳው፣ ሕግ መጻፉ ብቻውን እንደማይበቃና በየቦታው ቆሞ «ሰዓቱ አልፏል» የሚል ሰው እንደሚያስፈልገው ነው።

በሁለተኛ፣ የራሳችንን ታሪክ እንጠይቅ። ወሎ ስለ ዜጎች ነፃነት ከመጽሐፍ ሳይሆን በራሱ ላይ ከደረሰው የተማረ ሀገር ነው፤ ሦስት ነገር ብቻ አነሣለሁ።

አንደኛው የኅሊና ነገር ነው። ከደሴ ጥቂት ወጣ ብሎ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ፣ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ባስቀመጡት ጉባኤ የቤተ ክርስቲያን ክርክር ከተወሰነ በኋላ፣ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌሎች ግን ተሰደዱ፣ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንትም እምነታቸውን ይዘው ተቃወሙ። ንጉሠ ነገሥቱ የሀገርን አንድነት ሽተው ያደረጉት መሆኑን የታሪክ ሰዎች ይናገራሉ፤ ነገር ግን የሰው ኅሊና በዐዋጅ የሚዞር አልነበረምና፣ ከዚያ ዘመን የተረፈው የቤተ ሰብ መለያየትና የስደት መከራ ሲሆን እስልምና ግን በወሎ ጸንቶ ኖረ። ዛሬ በአንድ ቤት ውስጥ የክርስቲያን አያትና የእስላም የልጅ ልጅ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡበት ሀገር፣ የሃይማኖት ነፃነት ለእኔ ወገን ብቻ ይሁን ለማለት ከማንም ይልቅ አፉ የማይፈታ ሀገር መሆን ይገባዋል።

ሁለተኛው የመናገር ነገር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረኃብ መንግሥት ሊሰውረው የሞከረው ረኃብ ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደዚህ መጥተው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በ1965 ዓ.ም. በግቢያቸው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም ወሬውን ለዓለም አዳረሰው። ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት የዚያን ዘመን የደሴ ገበያ መርምሮ፣ ሕዝቡ ሲያልቅ ሳለ የእህል ዋጋ እጅግ እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የሚጫን እህል እንደ ነበረ ጻፈ። እህል በመንገድ ሲያልፍ እያዩ ሰዎች በመንገድ ዳር ወደቁ፤ የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ችግራቸውንም የሚያሰማላቸው ጋዜጣ ወይም ምክር ቤት አልነበራቸውም። ከታች ያለው ሹም የበላዩን ፈርቶ ዝም አለ፤ የበላዩም ዝምታውን ደኅንነት አድርጎ ቆጠረው። ስለዚህ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ለወሎ ሰው የተማሩ ሰዎች ጌጥ አይደለም፤ የእንጀራና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛው በኅብረት የመጠየቅ ነገር ነው፤ የተፈጸመው ከወሎ ውጭ ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛም ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወደ 100 ሺሕ የሚገመት ሕዝብ፣ ሙስሊሞችና ከእነርሱ ጋር የተሰለፉ ክርስቲያኖች፣ የሃይማኖት እኩልነትን ጠይቀው በሰላም ወጡ። ጥያቄያቸው በጩኸት ብቻ አልቀረም፤ በ13 ነጥብ ተጽፎ ለጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን መንግሥት ቀረበ። ብዙ ወራትም ሳይቆዩ ዘመኑ ተናወጠ፣ መንግሥትም ተለወጠ፤ ነገር ግን የተጻፈው ጥያቄ ከመንግሥቱ ዕድሜ በለጠና፣ የእስልምና በዓላት 1967 ዓ.ም. ገና ሳይጋመስ የሕዝብ በዓላት ሆነው ታወቁ። በጽሑፍ የተቀመጠና ብዙ ሰው የፈረመበት ጥያቄ ሹም ሲሻር አብሮ አይሻርም።

በሦስተኛ፣ እንግዲህ በክልላችን ያሉት ደጆች የትኞቹ ናቸው? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ለነበሩት አባቶቻችን ልጆች፣ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽና ተጠያቂ መሆን አለበት የሚለው አንቀጽ 12 ታላቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም ተጠያቂ የሚኖረው ጠያቂ ሲኖር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ደጅ ፍርድ ቤት ነው። የተያዘ ሰው በጊዜው ወሰን ፍርድ ቤት ካልቀረበ፣ እርሱ ራሱ ወይም ስለ እርሱ ሌላ ሰው አካሉ ነፃ እንዲወጣ ማመልከት ይችላል፤ ሥርዓቱም በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ተጽፏል። ጠበቃ መቅጠር የማይችል ሰው በአንቀጽ 20 መሠረት ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን መንግሥት ጠበቃ ሊያቆምለት ይገባል። ከእኛው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎችና መምህራንም ለድኃ ወገን በነፃ መቆምን የትምህርታቸው ክፍል ሊያደርጉት ይገባል።

ሁለተኛው ደጅ ምክር ቤት ነው። ከከተማችን ምክር ቤት እስከ ባሕር ዳሩ የክልል ምክር ቤት ድረስ የመረጣችኋቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ፣ በዝክረ ሕግ የሚወጣው እያንዳንዱ ዐዋጅ በእነርሱ እጅ ያልፋል። ከእናንተ ውስጥ ረቂቅ ሳይጸድቅ በፊት አስተያየት ጽፎ የላከ ስንት ነው? የክልሉ ሕገ መንግሥት ሲጣስ ደግሞ ጉዳዩን የሚመለከት፣ ከየወረዳውና ከብሔረሰብ ምክር ቤቶች በተወከሉ አባላት የሚቋቋም የሕገ መንግሥት ተርጓሚ ኮሚሽን አለ፤ የዚህን ኮሚሽን ስም እንኳ የሰማነው ጥቂቶች መሆናችን ደጁ ከመዘጋቱ ይልቅ ማንም ወደ እርሱ አለመሄዱን ያሳያል።

ሦስተኛው ደጅ ለዚሁ ተብለው የቆሙት ተቋማት ናቸው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በዐዋጅ ቁጥር 210/1992፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም በተከታዩ በቁጥር 211/1992 ተቋቁመዋል። ከመንግሥት ውጭም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1984 ዓ.ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር የመሠረቱት፣ ዛሬ ኢሰመጉ የሚባለው የሰብአዊ መብት ጉባኤ አለ። በዐዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገንዘቡ ከመቶ ዐሥር እጅ በላይ ከውጭ ሀገር የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይሠማራ ሲከለከል፣ ይህ ጉባኤ አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ለመዝጋት ተገደደ። ዐዋጁ በ1113/2011 ሲሻር በሩ እንደገና ተከፈተ፤ የጉዳቱ ትምህርት ግን ሊረሳ አይገባም፤ በአዲስ አበባ የተጻፈ አንድ አንቀጽ በክፍለ ሀገር ከተማ የሚገኝ አንድ ቢሮን መብራት ሊያጠፋ ይችላልና፣ የአካባቢው ሰው የራሱን ማኅበር በራሱ መዋጮ ማቆም አለበት።

በዚህ ስፍራ ስለ አስቸኳይ ጊዜ ሳልናገር ባልፍ እውነትን ማስቀረት ይሆንብኛል። በሐምሌ ወር በ2015 ዓ.ም. የታወጀውና የክልሉ መንግሥት ራሱ በደብዳቤ የጠየቀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ፣ ለስድስት ወር ጸድቆ በአራት ወር ተራዝሞ እስከ ግንቦት 2016 ዓ.ም. ቆየ። ከዚያ በፊትም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ምን እንዳደረገ ለእናንተ አልነግራችሁም። መንግሥት በአደጋ ጊዜ ልዩ ሥልጣን እንደሚያስፈልገው አልክድም፤ ነገር ግን አንቀጽ 93 ለዚያም ጊዜ ወሰን አበጅቷል። ከኢሰብአዊ አያያዝ የመጠበቅ መብትና የእኩልነት መብት በአስቸኳይ ጊዜም አይነኩም፤ የሚቋቋመውም መርማሪ ቦርድ የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ክልል ዐዋጅ እንዲታወጅ በደብዳቤ መጠየቅ ከቻለ፣ የክልሉም ሕዝብ የታሰሩት ልጆቹ ስም እንዲወጣለት በደብዳቤ መጠየቅ ይችላል። ያችን እናት ከሣህኑ ባዶ መመለስ ሌላ ማስረጃ እንዲኖራት የሚያደርግ ይህ ነው።

በአራተኛና በመጨረሻ፣ የአቀራረባችንን ሥርዓት እንመርምር። አባቶቻችን ደጅ ይጠኑ ነበር፤ ወራትን ቆመው የሚጠብቁት የጌታን ቸርነት ነበር። እኛ የምንጠይቀው ቸርነት አይደለምና አቆማችንም ሊለወጥ ይገባል፤ መልካም አቤቱታ በአጭሩ አራት ነገር ይይዛል። ነገሩ መቼና የት እንደ ተፈጸመ፣ የትኛው አንቀጽ እንደ ተጣሰ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት ምን እንደ ሆነ፣ ፈራሚዎቹም እነማን እንደ ሆኑ በግልጽ ይጻፍ። በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በመዝገብ ቤት ይግባ፤ በቀሪው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ይመታበት፤ ግልባጩም ለበላዩ መሥሪያ ቤት፣ ለምክር ቤቱና ለኮሚሽኑ ይላክ። በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች አትናቋቸው፤ ሕጉን ከነአንቀጹ እንዲያውቁት ብትረዷቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ከብዙ ጉባኤ የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

ሰልፍ ለማድረግ ብትሹም እንዲሁ። በ1983 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 3 የሚጠይቀው ሰልፉ ከመደረጉ 48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅን ነው፤ አስተዳደሩ በቦታው ወይም በጊዜው የማይስማማ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ሊመልስ ይገባዋል። በቃል የተሰጠ ክልከላ ዱካ የለውም፤ ስለዚህ ትሕትናችሁን ሳትለቁ «በጽሑፍ ይሰጠን» በሉ። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርካችን የምትሠሩ እኅቶችም ማኅበር የማቋቋም መብታችሁ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 እና በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተጽፎላችኋል፤ ስለ ደመወዝም ሆነ ስለ ሌሊት መንገድ ደኅንነት ስትጠይቁ አንድ በአንድ ሳይሆን በማኅበር ጠይቁ።

የጽሑፍ አቤቱታ ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ ከሩቅ ሀገር አንድ ምስክር ላምጣ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ክላረንስ ጊዲዮን የተባለ ድኃ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 በስርቆት ተከስሶ ጠበቃ ቢጠይቅ፣ የግዛቱ ሕግ አይፈቅድም ተብሎ ተከለከለና ተፈረደበት። በወኅኒ ሆኖ በእርሳስ የጻፈውን ማመልከቻ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ላከ። ፍሎሪዳ የሌሎችን ግዛቶች ዐቃብያነ ሕግ ርዳታ ብትጠይቅ፣ ከ20 የሚበልጡት ተቃራኒውን አድርገው ጊዲዮንን ደግፈው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1963 ፍርድ ቤቱ ለድኃ ተከሳሽ ጠበቃ ይቁምለት ብሎ ወሰነ፤ ጊዲዮንም ከጠበቃ ጋር እንደገና ሲዳኝ ነፃ ወጣ። አስተውሉ፤ የአንድ ሰው እርሳስ ነገሩን ጀመረች፣ በየግዛቱ ያሉ የሕግ ሰዎች መተባበር ደግሞ አጸናው። የባሕር ዳሩ፣ የጎንደሩ፣ የደብረ ብርሃኑና የደሴው የሕግ ሰው እንዲሁ ቢተባበር ምን እንደሚሆን አስቡ።

አንዳንዶቻችሁ «ሰሚ የለም» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ፍርሃታችሁም መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን ሰሚ ዛሬ ባይገኝ እንኳ መዝገብ ይቀራል፤ በመዝገብ የቀረ በደል ነገ ዳኛ ሲገኝ ይነሣል፣ ያልተጻፈው ግን ከተበዳዩ ጋር ይቀበራል። ደግሞም ብቻችሁን አትቁሙ። ከእኛ አጠገብ በከሚሴ ዙሪያ የሚኖረው የኦሮሞ ወንድማችን፣ አርጎባውም፣ ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ በመካከላችን የተጠለለውም በዚህ ክልል ሕግ ፊት ከእኛ ጋር እኩል ነው። የእርሱ ልጅ ያለ ፍርድ ሲታሰር ዝም ያለ ሰው የራሱ ልጅ ሲታሰር የሚጠራው ምስክር አያገኝም።

እንግዲህ ክቡራንና ክቡራት፣ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ሦስት ሥራ እንድትጀምሩ እጠይቃችኋለሁ። አንደኛ፣ የክልሉ ምክር ቤት በየፖሊስ ጣቢያው የተያዙ ሰዎች መዝገብ ለቤተ ሰብ ሁሉ ክፍት እንዲሆን በሕግ እንዲያዝ የሚጠይቅ ማመልከቻ ተጽፎ ይፈረም። ሁለተኛ፣ ከጠበቆች፣ ከሼሆች፣ ከካህናትና ከወጣቶች የተውጣጣ ኮሚቴ ተቋቁሞ የ48 ሰዓቱን ወሰን በየሳምንቱ ይከታተል፤ ያለፈበትም ሰው ሲኖር በዚያው ቀን ለፍርድ ቤት ያመልክት። ሦስተኛ፣ የመረጣችሁት የምክር ቤት አባል በዓመት ሁለት ጊዜ እዚሁ ቀርቦ፣ ስለ ዜጎች መብት ምን እንደ ጠየቀና ምን መልስ እንዳገኘ እንዲነግራችሁ ደብዳቤ ጻፉለት። ሥራው ታላቅ ሀብት አይጠይቅም፤ ወረቀትና ፊርማ፣ ከሁሉም በላይ የማይሰለች ልብ ይጠይቃል። ያንን ልብ ከወሎ ሕዝብ የሚያጣ ማንም የለምና፣ በርቱ።